የአቶ ይርዳው ነጥቦች

አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ አቶ ይርዳው የሚባሉ የቧንቧ ዕቃ አስመጪ ከሠራተኛቸው ከስንሻው ጋር ዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ ገቡ። የአቶ ይርዳው በረራ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ታዲያ በረፋዱ ምን አጣደፋቸው ካላችሁ፣ ሰውዬውን አታውቋቸውም ማለት ነው። አቶ ይርዳው አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄዱት ለመብረር ብቻ መሰላችሁ? ለመብላት ነው እንጂ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እሳቸው ከአንድ የዱባይ ባንክ ያወጧት ወርቃማ ካርድ አለቻቸው። ይህቺ ካርድ ላውንጅ የሚሉት፣ ሶፋውም ምግቡም በነፃ የሆነ የመንገደኛ ማረፊያ ታስገባለች። አቶ ይርዳው ታዲያ ከዋዜማው ጀምረው ሆዳቸውን ባዶ ያደርጉና፣ ቁርሳቸውንም ምሳቸውንም እዚያው ሶፋ ላይ ይጨርሳሉ። ሲወጡ ደግሞ የኮታቸው ኪስ በብስኩት ያብጣል። ሀብታም አይደሉም እንዳትሉ፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለው ሱቃቸው ብቻ የአንድ ቀበሌ ሰው ያስተናግዳል። እጃቸው ነው እንጂ እምቢ ያላቸው።

ካርዷ ሌላም በረከት አላት፤ ነጥብ ትሰጣለች። በካርዷ ዕቃ በተገዛ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀማል፣ ነጥቡ ሲበዛ የአውሮፕላን ቲኬት ይሆናል። አቶ ይርዳው ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያች ካርድ ቧንቧና መታጠቢያ ገንዳ ሲገዙ፣ ነጥቡ እንደ ጎርፍ ውኃ ሲጠራቀም፣ አንዲት ነጥብ እንኳ አውጥተው አያውቁም። ጠዋት ሲነሱ ስልካቸውን ከፍተው ያዩታል፣ ሲተኙም ያዩታል። ስንሻው እንዲያውም «ጋሼ መጀመሪያ ነጥባቸውን ነው እንዴት አደርሽ የሚሉት፤ እትዬ ኋላ ነው የሚደርሳቸው» እያለ ሱቁን ያስቅ ነበር።

ስንሻው ዕቃ መራጭ፣ ዋጋ ተከራካሪ፣ ሻንጣ ተሸካሚም ነው። አረቦቹ ዋጋ ሲቆልሉ እየቀለደ የሚያወርዳቸው እሱ ነው፤ አፉ ለጨዋታ፣ እጁ ለሥራ የተፈጠረ ሰው። የካርዷ ሕግ ደግሞ አንድ እንግዳ ይዞ መግባት ይፈቅዳል። እና ይህን የደከመ ሰው ይዘውት ይገባሉ? ምን ሲደረግ! «እንግዳማ ለትልቅ ሰው ይቆያል» ይላሉ አቶ ይርዳው፤ «ድንገት አንድ ባለሥልጣን ባገኝስ? ባንተ አባክኜው ምን ልሆን ነው?» እስካሁን አንድም ባለሥልጣን አላገኙም። ስንሻውም በሄዱ ቁጥር ደጅ ብረት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ በኪሱ ያስቀረውን ቴምር እየበላ ይጠብቃቸዋል። ለዚህስ ቂም የለውም፤ ለምዶታል።

የዚያን ዕለት ግን ነገሩ የሆድ አልነበረም። በማግስቱ እሑድ የእህቱ የብርቅነሽ ሰርግ ነው። አባታቸው የሞቱት ብርቅነሽ ገና ስትድህ ስለነበር፣ ያሳደጋትም ያስተማራትም ስንሻው ነው። ከቤት ስትወጣ ጉልበቱን ስማ የምትመረቀውም በእሱ ነው፤ ሌላ አባት የላትም። ይህን ሁሉ ከአዲስ አበባ ሳይነሱ ለአቶ ይርዳው ነግሯቸዋል። እሳቸውም «ቅዳሜ እንመለሳለን፣ ምን ያስጨንቅሃል?» ብለውታል። እሱም አመናቸው። ቲኬቱን ያየው ያን ዕለት ጠዋት፣ ተራው ደርሶ ፓስፖርቱን ሲሰጥ ነው። አቶ ይርዳው ቀጥታ አዲስ አበባ ይገባሉ፤ ስንሻው ግን አመሻሽ ላይ ተነሥቶ፣ ወደ ሌላ አገር ዞሮ፣ እሑድን እዚያው አየር ማረፊያ ውሎ፣ ሰኞ ጠዋት ነው የሚደርሰው።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለ ላውንጁ በር ላይ ደርሰው።

«ቲኬት ነዋ! ያንተኛው ረከሰልኝ።»

«ሰርጉ እኮ ነገ ነው!»

«እና መልሱ ላይ ትደርሳለህ። መልስ ደግሞ ከሰርጉ ይልቅ ይደምቃል።»

«ጋሼ በእግዜር! አባቷ እኮ እኔ ነኝ። ስንሻው ሳይመርቀኝ እግሬን ከደጅ አላወጣም ብላለች።»

«ይኸዋ! ጨዋ ልጅ ናት፣ ትጠብቅሃለች።»

 በቀጥታው አውሮፕላን ላይ ለመሳፈር የሚጠየቀው ዋጋ ስንሻው የሚደፍረው አይደለም፤ ያለውን ሁሉ ለድንኳንና ለሰንጋ አውጥቶታል። የቀረችው መንገድ አንዲት ናት።

«ከነጥብዎ ላይ ይቁረጡልኝ እንግዲህ» አለ ዝቅ ብሎ። «ለሌላ ሰውም ቢሆን ይቆረጣል።»

አቶ ይርዳው የጋለ ምጣድ የነኩ ያህል ካርዷን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። «ነጥቤን? የኔን ነጥብ?»

«ዛሬ እኮ ጊዜው ያልፋል ጋሼ! ባንኩ የላከውን መልእክት ትናንት ያነበብኩልዎት እኔው ነኝ። ዛሬ ካልተጠቀሙበት ይጠፋል ይላል።»

«ይራዘማል። ደውዬ እለምናቸዋለሁ።»

«ባይራዘምስ?»

«ካልተራዘመም እጄ ላይ ሆኖ ይለፍ! የራሴ አይደለም እንዴ?»

ይህን ብለው ካርዷን አሳይተው ገቡ። የመስታወቱ በር ተዘጋ። ስንሻውም ከነቦርሳው ደጅ ቀረ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ብርቅነሽ ናት። «ስንሻዬ፣ ሱፍህ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ማታ ስንት ሰዓት ትገባለህ? ልጆቹ መኪና ይዘው ይምጡ?» ከኋላዋ የድንኳን ብረት ሲንኳኳ፣ ሴቶች ሲሳሳቁ ይሰማል። ስንሻው «እደርሳለሁ፣ አይዞሽ» ብሎ ዘጋው። ያ ሁሉ ሰው የሚስቅለት ሰውዬ እንባው መጣ። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ።

በዚህ መሐል ሁለት ሽማግሌዎች እየተደጋገፉ ወደ ላውንጁ ሲያዘግሙ አዩት። አንደኛው ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ፣ ሌላኛው ደግሞ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው የሚመለሱ ቄስ ልሳነወርቅ ናቸው። የተዋወቁት ገና ሻንጣ ሲያስመዝኑ ነው፤ ይሁንና አብሮ አደግ ይመስሉ ነበር። ሐጂ «ይምጡ አባ፣ የኔ ካርድ ሁለት እንግዳ ታስገባለች» እያሉ ይጎትቷቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ ሐበሻ ነህ መሰለኝ» አሉት ሐጂ ቆም ብለው። «ምን ሆነህ ነው በሰው አገር የምታቀረቅር?»

ስንሻው ሁሉንም አወራላቸው፤ ሰርጉን፣ ቲኬቱን፣ ዛሬ የሚያልፈውን ነጥብ። ሐጂ ጢማቸው እስኪቆም ተናደዱ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል! የሚጠፋ ነገር ይሰሰታል እንዴ? ቆይ፣ ገብቼ ልኩን ልንገረው!»

«ተዉ ሐጂ» አለ ስንሻው። «ጋሼ በቁጣ አይሰሙም፣ በልመናም አይሰሙም። እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈሩት፤ ሰው ፊት ወግ አያውቅም መባልን። ውስጡ ደግሞ አሁን በመርካቶ ነጋዴ የተሞላ ነው።» ትንሽ አሰበና ዓይኑን ጠራርጎ ቀና አለ። «አባቶቼ፣ ሽማግሌ ሁኑልኝ።»

«ለማን?» አሉ ቄሱ።

«ለነጥቡ።»

ሐጂና ቄሱ ተያዩ። መጀመሪያ ቄሱ ናቸው የሳቁት፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሐጂም ካርዳቸውን መዘዝ አድርገው «ተነሥ፣ ሁለቱ እንግዶቼ እናንተ ናችሁ» አሉት።

በሩ ላይ የምትሠራው ሐያት የምትባል የወሎ ልጅ ናት። ስንሻው ሲገባ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ በቀጥታው አውሮፕላን ላይ ቦታ አለ?» አላት። እሷም ኮምፒውተሯን አየት አደረገችና «ጥቂት አለ፤ ግን ቶሎ በሉ፣ የዛሬው ቲኬት መቁረጫ ሊዘጋ ነው። ሻንጣ ካላስገባህ እኔ አስጨርስልሃለሁ» አለችው። ስንሻው ሻንጣ የለውም፤ ሻንጣውም ኪሎውም የአቶ ይርዳው ነው።

አቶ ይርዳው መካከለኛው ሶፋ ላይ ተንሰራፍተዋል። ፊታቸው ያለው ሳህን ሩዙ ከታች፣ ዶሮው ከላይ፣ ኬኩ ደግሞ የዶሮው ጫፍ ላይ ሆኖ ተቆልሏል። ዙሪያውን የሚያውቋቸው ነጋዴዎች ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ መጥተው ፈንጠር ብለው ቆሙ፤ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው። ስንሻው ከአንድ ምሰሶ ኋላ ቀረ።

«እንዴት ዋላችሁ አባቶቼ! ተቀመጡ እንጂ!» አሉ አቶ ይርዳው።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ።

እንግዲህ ይህቺን ቃል ሰምቶ ምን ማለት እንደሆነች የማያውቅ ሐበሻ የለም። ሹካው ሁሉ ባለበት ቆመ። አንዲት ሴት ነጋዴ አጠገቧ ያለችውን ጓደኛዋን በክርኗ ጎሰመቻት። አቶ ይርዳው ደግሞ ማኅደር የምትባል፣ ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ የደረሰች ልጅ አለቻቸው። ወዲያው አፋቸውን ጠረጉ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ሳህኑንም በእግረ መንገድ ገፋ አደረጉት። ዱባይ ድረስ ሽማግሌ የሚልክ ሰው፣ ያውም ቄስና ሐጂ አጣምሮ፣ ተራ ሰው ሊሆን አይችልም ብለው ነው ያሰቡት።

«በሉ እሺ፣ እንስማችሁ» አሉ ድምፃቸውን ጎርነን አድርገው።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ይርዳው፣ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። እርስዎ እጅ ላይ በክብር፣ በጥንቃቄ ያደገ ነገር እንዳለ ሰማን። ለልጃችን ፈልገነው መጣን።»

«ልጁ ምን ይሠራል?»

«ንግድ ላይ ነው። ታታሪ ነው፣ ታማኝ ነው፣ ዱባይን እንደ እጁ መዳፍ ያውቃታል።»

አቶ ይርዳው ፈገግታቸውን መደበቅ አቃታቸው። «ዝግጅቱስ? የተሰናዳ ነገር አለው?»

«ኧረ እሱስ ድንኳን ተጥሏል፣ ሰንጋውም ታስሯል» አሉ ቄሱ።

«ድንኳን ተጥሏል?» አቶ ይርዳው ከሶፋው ተነሡ። «እኔ ሳልፈቅድ? ማነው ይኼ ደፋር?»

«ስንሻው ይባላል።»

በዚህ ጊዜ ስንሻው ከምሰሶው ኋላ ብቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«ስንሻው!» ጮኹ አቶ ይርዳው። «አንተ! ልጄን? ማኅደርን?»

«ኧረ በስመአብ በሉ ጋሼ! ማኅደር እህቴ ናት።»

«እና ማንን ነው?»

«ነጥብዎን።»

አቶ ይርዳው መጀመሪያ እፎይ ብለው ቁጭ አሉ። ከዚያ ነገሩ ሲገባቸው እንደገና ተነሡ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሐጂ ግን ሳይስቁ፣ ስለ ሰርጉና ሰኞ ስለሚደርሰው ቲኬት በአጭሩ ተናገሩ፤ ነጋዴዎቹም ሲሰሙ ሳቃቸውን እየተዉ አቶ ይርዳውን ማየት ጀመሩ።

«ለነጥብ ሽማግሌ ይላካል?» አሉ አቶ ይርዳው ፊታቸው በርበሬ መስሎ። «የት አገር የታየ ወግ ነው ይኼ?»

«ልጄ» አሏቸው ቄሱ ረጋ ብለው፣ «ሽማግሌ የሚላከው ለመስጠት የሚከብድ ነገር ሲጠየቅ ነው። ከነጥቡ የበለጠ የሚከብድህ ነገር ካለ ንገረን፤ እኛም ነጥቡን ያለ ሽማግሌ እንጠይቅህ።»

እንደገና ተሳቀ። ነገር ግን አቶ ይርዳውን እንዲህ በቀላሉ የሚያሸንፋቸው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ሀብት ባላፈሩ። ጥቂት አሰቡና፣ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ ስንሻው ያውቃታል፤ አረቡ ዋጋ ሊቀንስ አንድ ቃል ሲቀረው የምትመጣ ፈገግታ ናት።

«መልካም» አሉ ሶፋው ላይ ተደላድለው። «በወግ ከመጣችሁ በወግ እመልሳለሁ። እኔም ጨዋ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ሽማግሌ በመጣ ዕለት እሺ አይባልም፤ እንዲያ የሚያደርግ ቢኖር ቤቱን ያቀለለ ሰው ነው። ደንቡ ቀጠሮ ነው። ዘመድ አዝማድ ላማክር፤ እናንተም የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ነጋዴዎቹ «አቤት! አገኛት!» ተባባሉ። እውነትም ደንቡ እሱ ነው፤ ሽማግሌ ቀጠሮ ሲሰጠው አመስግኖ ይሄዳል እንጂ አይከራከርም። ሐጂ ቄሱን አዩ፣ ቄሱ መሬት መሬት አዩ። አቶ ይርዳው ሳህናቸውን መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡ። ሐያት በበሩ በኩል እጇን እያውለበለበች «ሊዘጋ ነው!» የሚል ምልክት ትሰጣለች።  ብርቅነሽ ቬሏን ለብሳ፣ ሙሽራው ደጅ ቆሞ፣ እሷ ወደ በሩ ስትመለከት ለስንሻው ታየው። ወደ ፊት ራመድ ብሎ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ እጅ ነሣ።

«ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ ደንቡ ቀጠሮ ነው» አለ። «ቀጠሮ የሚሰጠው ግን ገና ጊዜ ላላት ልጅ ነው። የእርስዎዋ ሰባት ዓመት ሙሉ በር ተዘግቶባት ኖራ፣ ዛሬ ጀምበር ስትጠልቅ ቆማ ልትቀር ነው። ቆማ ልትቀር የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት፣ ሽማግሌ ሲመጣለት እልል ይላል እንጂ የምን ቀጠሮ ነው?»

 ከዚያ ያቺ ሴት ነጋዴ ከጥግ ተነሥታ «እልልልልል!» ብላ አቀለጠችው። ሌሎቹም ተከተሏት። ነገሩ ያልገባቸው ፈረንጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። አቶ ይርዳው ኮስተር ብለው ለመቆየት ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ግን ከዳቸው። ሳቃቸው ከሆዳቸው ገንፍሎ መጣና ኬኩ ትን አላቸው፤ ሐጂ ጀርባቸውን መታ መታ አደረጉላቸው።

«በላኝ! ይኼ ልጅ በላኝ!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። ስልካቸውን አወጡ። ጣታቸው ነጥቡ ላይ ሲደርስ «ደህና ሁኚ» ያሉ ይመስላል፤ ብቻ ተጫኑት። ሐያትም ሮጣ የመሳፈሪያ ወረቀቱን አመጣች። ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው «ለወግ ለማዕረግ ያበቃህ አምላክ፣ የቀሩትንም ለመዳር ያብቃህ» ብለው መረቁ። አቶ ይርዳው ከሁሉም ጋር «አሜን!» ካሉ በኋላ ነው፣ ሰው ሁሉ የቀረው ነጥብ ያለበትን ስልካቸውን እያየ መሆኑን ያስተዋሉት። ቶሎ ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

እሑድ ብርቅነሽ የወንድሟን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ፣ እያለቀሰች ከቤቷ ወጣች። አቶ ይርዳውም ድንኳኑ ውስጥ የክብር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሁለተኛውን ሳህን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አጠገባቸው ያሉትን ሰዎች «እናንተ ዛሬ ነው የምትድሩት፤ እኔማ ትናንት ድሬ ነው የመጣሁት» ይሏቸው ነበር።